ፊኛን ሳያወጡ ካንሰሩን ማከም

ስለ ሽንት በአደባባይ ማውራት እምብዛም አልተለመደም። ብዙ ታካሚ ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ የሚደርሰው በከፊል በዚሁ ዝምታ የተነሳ ስለሆነ፣ ዛሬ ጉዳዩ በስሙ ይጠራል።

የንግግሩ ዓላማ ይህ ነው። የፊኛ ካንሰር ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው ፊኛው ወጥቶ ሆዱ ላይ የሽንት ከረጢት ለጥፎ መኖር ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎች ግን ፊኛቸው ሳይወጣ ሊታከሙ ይችላሉ። ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ከገባባቸው መካከልም በጥንቃቄ የተመረጡት ፊኛቸውን ይዘው መዳን ይችላሉ። ይሁንና ፊኛን ማትረፍ ከቀዶ ሕክምና መሸሻ አይደለም፤ የራሱ ደንብ፣ የራሱ ድካም፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የራሱ ክትትል አለው። በቅድሚያ ምርጫው በምን እንደሚወሰን ይነገራል፤ ቀጥሎ ካንሰሩ ላይ ላዩን ሲሆን የሚደረገው፣ ከዚያም ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ያለው መንገድ ይነሳል፤ በመጨረሻ ጉዳዩ ከአገራችን ሁኔታ ጋር ይታያል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1967 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሂዩበርት ሃምፍሪ ሽንታቸው ደም ቀላቀለ። ሐኪሞች ፊኛቸውን መረመሩ፤ ከሽንታቸው የተገኙት ሴሎች ካንሰር ናቸው ወይስ አይደሉም በሚለው ላይ ግን የፓቶሎጂ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ዓመታት አለፉ። በ1973 የጨረር ሕክምና ተደረገላቸው፤ በ1976 ካንሰሩ ወደ ውስጥ ሰርጎ ስለተገኘ ፊኛቸው ወጣ፤ በጥር 1978 በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1994 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ያንን የ1967 ናሙና ከተቀመጠበት አውጥተው በአዲስ ዘዴ መረመሩት። በ1976 በወጣው ዕጢ ላይ ያለው የፒ53 ዘረ መል ጉድለት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሽንቱ ሴሎች ውስጥም ነበረ።

የዚያን ጊዜው ሕክምና ያንን ምልክት የሚያነብበት መሣሪያ አልነበረውም። ዛሬ አለው፤ ችግሩ ለታካሚው የሚታየው ምልክት ሰውን ማዘናጋቱ ነው። የፊኛ ካንሰር ዋና ምልክት ሕመም የሌለው ደም የቀላቀለ ሽንት ነው። አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጠፋል። ሰውየው «ለቀቀኝ» ብሎ ይረሳዋል። ሴቶች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ደሙ ከወር አበባ ጋር ይምታታል፣ ወይም «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ በየጊዜው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። በሽታው ወንዶችን ከሴቶች ከሦስት እጥፍ በላይ ቢያጠቃም፣ ሴቶች ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ የሚገኝባቸው ከረፈደ በኋላ የሆነው በከፊል ለዚህ ነው። በዓለም ላይ በ2022 ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የፊኛ ካንሰር እንደተገኘባቸው ይገመታል፤ ከመንስኤዎቹ ትልቁ ሲጋራ ነው። የጭሱ መርዝ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ያልፍና ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን በ1895 በፍራንክፈርት የማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያስተዋለው የፊኛ ዕጢም መንገዱ ይኸው ነበር፤ ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ወደ ሰውነታቸው ያስገቡት ኬሚካል መውጫው በሽንት ነውና።

እንግዲህ ፊኛው ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለው በምን ይወሰናል? ከሁሉ በፊት በጥልቀት። የፊኛ ግድግዳ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ቢታሰብ ነገሩ ይቀላል። ከውስጥ በኩል ሽንት የሚነካው ስስ ሽፋን ልስኑ ነው፤ ከሥሩ የደም ሥሮች የሚያልፉበት ልል ሥጋ ምርጉ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ወፍራም ጡንቻ ደግሞ ግድግዳውን የሚያቆመው እንጨት ነው። ካንሰሩ የሚነሳው ከልስኑ ነው። ከ4 ታካሚዎች 3ቱ ያህል ሲመረመሩ ዕጢው ገና ልስኑና ምርጉ ላይ ነው። ቀሪዎቹ ዘንድ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ ካንሰሩ ከዚያ ወደ ሌላ አካል የሚዛመትበት ዕድል እጅግ ከፍ ይላል።

ይህን የሚለየው ምርመራም ሕክምናም የሆነ አንድ ሥራ ነው። ታካሚው ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ሆዱ አይቀደድም። ሐኪሙ ቀጭን መሣሪያ በሽንት መሽኛው በኩል ያስገባል። በጫፉ መብራትና ካሜራ፣ አጠገቡም በኤሌክትሪክ የሚግል የሽቦ ቀለበት አለው። ዕጢው ብዙውን ጊዜ ባሕር ውስጥ እንዳለ ተክል ቅርንጫፍ አውጥቶ ፊኛውን በሞላው ውኃ ውስጥ ሲወዛወዝ ይታያል። ሐኪሙ በቀለበቱ እየከላ ከነሥሩ ያነሳዋል፤ ደሙን በዚያው ሙቀት ያቆማል፤ ከዕጢው ሥር ከጡንቻው ላይ የተለየ ናሙና ይወስዳል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ወሳኝ ነው። የፓቶሎጂው ውጤት «በናሙናው ውስጥ ጡንቻ አልተገኘም» ካለ፣ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ አልገባም ማለት አይደለም፤ ገና አልታወቀም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ፣ ወይም ዕጢው ምርጉ ድረስ ከገባ፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራው ይደገማል። ታካሚው «አንዴ ተፍቆልኝ ለምን ይደገማል?» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ግን ፊኛውን የሚያተርፈው አንዱ ይህ ድጋሚ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ስናልፍ፣ ካንሰሩ ጡንቻ ካልነካ ፊኛን ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳብ አይደለም። ጭንቀቱ መመላለሱ ነው። እንደ ዕጢው ዓይነት፣ ቁጥርና መጠን በ5 ዓመት ውስጥ ከ31 እስከ 78 በመቶ የሚሆነው ተመልሶ እንደሚበቅል የአውሮፓ ጥናቶች አስልተዋል። ስለዚህ ከተከላ በኋላ ፊኛው ባዶውን አይተውም። ጠባዩ ላልከፋ ዕጢ በዚያው ዕለት ጄምሲታቢን ወይም ማይቶማይሲን የተባለ የኬሞ መድኃኒት አንድ ጊዜ ፊኛው ውስጥ ይጨመራል። በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ጄምሲታቢን የተጨመረላቸው ሰዎች በ4 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው 35 በመቶ ሲሆኑ፣ ጨው ውኃ ብቻ ከተጨመረላቸው ግን 47 በመቶ ናቸው።

ጠባዩ ለከፋው ዕጢ የሚሰጠው መድኃኒት ለኢትዮጵያ እናት እንግዳ አይደለም፤ ቢሲጂ ነው። ሕፃን እንደተወለደ ክንዱ ላይ የሚወጋውና ጠባሳ የሚተወው የቲቢ ክትባት። ፈረንሳውያኑ አልበርት ካልሜትና ካሚል ጌራን በሊል ከተማ የከብት ቲቢ ጀርምን ለ13 ዓመታት 230 ጊዜ ከአንድ ምግብ ወደ ሌላ እያዛወሩ ካለዘቡት በኋላ፣ በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። በ1976 ደግሞ በካናዳ፣ ኪንግስተን ከተማ፣ ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ጀርም በ9 ታካሚዎች ፊኛ ውስጥ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ሳምንት ጨምረው የዕጢው መመላለስ መቀነሱን አሳወቁ። ስድስት የሆነው መድኃኒቱ በስድስት ብልቃጥ ታሽጎ ይመጣ ስለነበር ነው፤ የስድስት ሳምንቱ አሠራር ግን እስከ ዛሬ ዘልቋል። ጀርሙ ፊኛው ላይ ሲያርፍ የሰውነት የመከላከያ ሴሎች ተጠራርተው ይመጣሉ፤ ያኔ የካንሰሩንም ሴሎች ያጠቃሉ።

የቢሲጂ ቀን ይህን ይመስላል። ታካሚው ለጥቂት ሰዓታት ፈሳሽ ቀንሶ ይመጣል፤ ይሸናል፤ ሽንቱ ይመረመራል። ደም የሚታይበት ከሆነ ወይም ኢንፌክሽን ካለ ሕክምናው ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ሕያው ጀርም በቆሰለ ቦታ ወደ ደም ሊገባ ይችላልና። ደህና ከሆነ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በሽንት መሽኛው ይገባል፤ በ50 ሚሊ ሊትር ጨው ውኃ የተበጠበጠው መድኃኒት በዝግታ ይፈስሳል፤ ካቴተሩ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ሰዓት መያዝ ነው። ቤቱ ከገባ በኋላ ወንድም ቢሆን ቁጭ ብሎ ይሸናል። ለስድስት ሰዓት ያህል ከእያንዳንዱ ሽንት በኋላ ሽንት ቤቱ ውስጥ በረኪና ጨምሮ 15 ደቂቃ ይጠብቅና ውኃ ይለቅበታል፤ እጁንም በሳሙና ይታጠባል። ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ቀለል ያለ ትኩሳት የተለመዱ ናቸው። ትኩሳቱ ከፍ ብሎ አልበርድ ካለ ግን ቤት ተኝቶ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው።

ስድስቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው «በቃኝ» ይላል። እዚህ ላይ የዶክተር ዶናልድ ላም ጥናት ይናገራል። በ2000 የታተመው ይህ ጥናት ሕክምናውን በየጥቂት ወሩ ለሦስት ሳምንት እየደገሙ እስከ 3 ዓመት የቀጠሉትን፣ በመጀመሪያው ዙር ካቆሙት ጋር አነጻጸረ። ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩበት ጊዜ ሲለካ፣ ለቀጠሉት 77 ወር ያህል፣ ላቆሙት 36 ወር ያህል ሆነ። ልዩነቱ ከሦስት ዓመት በላይ ነው።

ቢሲጂ እንቢ ሲል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚቀረው ፊኛን ማውጣት ነበር፤ አሁንም ቀዶ ሕክምናውን ለሚችል ሰው አስተማማኙ መልስ እሱ ነው። ነገር ግን በሩ ተከፍቷል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት፣ በ2022 ፊኛ ውስጥ የሚጨመረውን የዘረ መል ሕክምና ናዶፋራጂንን፣ በ2024 ከቢሲጂ ጋር የሚሰጠውን ኤን-803 ፈቅዷል። ጄምሲታቢንና ዶሲታክሰል የተባሉትን ነባር መድኃኒቶች አንዱን ከሌላው አስከትሎ ፊኛ ውስጥ መጨመርም ጥሩ ውጤት እያሳየ ነው፤ ከአዲሶቹ ጋር ሲተያይ ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑ ድሃ አገሮች በትኩረት ሊያዩት የሚገባ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ክፍል ከባዱ ነው፤ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ገብቷል። ለዚህ የቆየው መልስ ፊኛውን ከነአካባቢው ማውጣት ነው። በወንድ ፕሮስቴቱ፣ በሴት ብዙ ጊዜ ማህፀኑ አብሮ ይወጣል። አሜሪካዊው ዩጂን ብሪከር በ1950 ባሳወቀው ዘዴ ከትንሹ አንጀት ቁራጭ ተወስዶ ሽንት በሆድ ላይ ወደ ተለጠፈ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል፤ ኋላ ላይ ደግሞ ከአንጀት አዲስ ፊኛ መሥራት ተቻለ። ይህ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ዛሬም ያተርፋል። ከእሱ በፊት ሲስፕላቲን ያለበት ኬሞ መስጠት ዕድሜ እንደሚጨምርም ተረጋግጧል።

ሌላው መንገድ ሦስት ነገር ያጣምራል። ዕጢው በሽቦ ቀለበቱ የሚቻለውን ያህል ተከልቶ ይነሳል፤ ከዚያ ፊኛው ላይ ጨረር ይሰጣል፤ ጨረሩ በሚሰጥባቸው ሳምንታት የካንሰሩን ሴል ለጨረር የሚያደክም ኬሞ አብሮ ይሰጣል። በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዶክተር ዊሊያም ሺፕሊና ባልደረቦቻቸው ከ1986 ጀምሮ ይህን ሲያደርጉ፣ በ2013 በቆመው ቆጠራ 475 ታካሚዎች ታክመው ነበር። በ5 ዓመት ውስጥ ፊኛቸውን ማውጣት የግድ ያስፈለጋቸው 29 በመቶ ነበሩ። በእንግሊዝ በ45 ሆስፒታሎች 360 ታካሚዎች የተሳተፉበትና በፕሮፌሰር ኒክ ጄምስ የተመራው ጥናት በ2012 ሲታተም፣ ከጨረር ጋር ፍሎሮዩራሲልና ማይቶማይሲን ከተሰጣቸው 67 በመቶው ከ2 ዓመት በኋላ በፊኛውና በአካባቢው ካንሰር አልተገኘባቸውም፤ ጨረር ብቻ ካገኙት 54 በመቶ።

«ፊኛዬን ላትርፍ ብዬ ሕይወቴን አስይዛለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ታካሚውን እንቅልፍ የሚነሳው ነው፤ ቀጥተኛ መልስም ይገባዋል። ሁለቱን ሕክምናዎች በዕጣ ደልድሎ ለማወዳደር እንግሊዝ ውስጥ ተሞክሮ ነበር፤ 45 ሰው ብቻ ስለተገኘ ጥናቱ ተዘጋ፤ ሰው ፊኛውን በዕጣ ለመስጠት አይፈቅድምና። ከዚያ በኋላ ያለው ጠንካራ መረጃ በ2023 በዶክተር አሌክሳንደር ዝሎታ መሪነት የወጣው ነው። በአሜሪካና በካናዳ ሦስት ማዕከላት የታከሙ 722 ሰዎች፣ ለሁለቱም ሕክምና ብቁ የነበሩ፣ በዕድሜና በበሽታ ደረጃ ተመጣጥነው ተነጻጸሩ። ከ5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ያልተዛመተባቸው ፊኛቸው ከወጣው 74 በመቶ፣ ፊኛቸው ከተረፈው 75 በመቶ ሆኑ። ፊኛቸው ከተረፈው መካከል 13 በመቶው ኋላ ላይ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። ጥናቱ በዕጣ የተደለደለ ባለመሆኑ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ግን በትክክል ለተመረጠ ሰው ፊኛን ማትረፍ ነፍስን መወራረድ አለመሆኑን በቂ አድርጎ ያሳያል።

«በትክክል ለተመረጠ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ዕጢው አንድ ቢሆን፣ ብዙም ባይተልቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሊከላ ቢችል፣ ፊኛው ሽንት የመያዝ አቅሙ ደህና ቢሆን ይመረጣል። ዕጢው የሽንት መውረጃውን ዘግቶ ኩላሊት ካሳበጠ፣ ወይም የካንሰር ሴል በፊኛው ሽፋን በብዙ ቦታ ከተበተነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማውጣት ይሻላል። ምርጫው የአንድ ሐኪም ብቻ እንዳይሆንም ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙና የኬሞ ሐኪሙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማየት አለባቸው። ከታከመም በኋላ ፊኛው በየሦስት ወሩ፣ ኋላ በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ በመሣሪያ ይታያል። ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ከተመለሰ በጊዜ ለማውጣት መዘጋጀት የዚሁ ሕክምና አካል ነው። ቀጠሮ የማይጠብቅ ሰው ይህን መንገድ ባይጀምረው ይሻለዋል።

የመጨረሻው ክፍል አገራችን ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋው ምን ያህል እንደሚረዝም በካንሰር የተነካ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ጅማና ሐረር መጨመራቸው ትልቅ እርምጃ ነው። እዚህ ላይ ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ግኝት ለእኛ ልዩ ዋጋ አለው። በ2021 የሁለት ጥናቶች መረጃ ተዳምሮ ሲመረመር፣ 55 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረርን በ20 ክፍለ ጊዜ መስጠት፣ 64 ግሬይን በ32 ክፍለ ጊዜ ከመስጠት የማያንስ፣ እንዲያውም ፊኛውንና አካባቢውን በመቆጣጠር የሚሻል ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ከስድስት ሳምንት ተኩል ይልቅ አራት ሳምንት ነው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ቤት ተከራይቶ፣ አስታማሚ ይዞ፣ የእርሻና የንግድ ሥራውን ዘግቶ ለሚታከም ሰው የኪራይና የምግብ ወጪው ይቀንሳል፤ በዚያው ማሽን ብዙ ሰው ይታከማል። ከጨረሩ ጋር አብረው የሚሰጡት ፍሎሮዩራሲልና ሲስፕላቲንም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ነባር መድኃኒቶች ናቸው።

የቢሲጂ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለፊኛ የሚውለው ከሕፃናቱ ክትባት ጋር ጀርሙ አንድ ቢሆንም መጠኑና አዘገጃጀቱ ሌላ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። ሀብታም አገሮችም ሳይቀሩ እጥረት ገጥሟቸዋል፤ ቶሮንቶ ያለ ትልቅ ፋብሪካ በ2012 ማምረት ካቋረጠ ወዲህ ዓለም ጥቂት አምራቾችን ብቻ ይጠብቃል።

ሌላው የኢትዮጵያ እውነት ቢልሃርዝያ ነው። የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ በታችኛውና በመካከለኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ ተፋሰስና በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። ትሉ ፊኛው ግድግዳ ላይ የሚተወው እንቁላል ለዓመታት ሲያቆስለው፣ ከተለመደው የተለየ የካንሰር ዓይነት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ለቢሲጂም ለጨረርና ለኬሞም እምብዛም ስለማይበገር ዋና ሕክምናው ማውጣት ነው። ስለዚህ በእነዚህ አካባቢዎች ፊኛን የማትረፍ ሥራ የሚጀመረው ከሆስፒታል በፊት፣ ትሉን በፕራዚኳንቴል ማከምና የሚዋኙበትን ውኃ መጠበቅ ላይ ነው። ግብፅ ይህን በስፋት ካደረገች ወዲህ የዚህ ካንሰር ድርሻ በጉልህ ቀንሷል።

ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ሰው፣ ራሱም ሆነ ዘመዱ ሽንቱ ደም ቢቀላቅል፣ ቢጠፋም እንኳ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ፊኛው በመሣሪያ እንዲታይ ይጠይቅ። ካንሰር ከተገኘ ደግሞ ሐኪሙን አራት ነገር ይጠይቅ፦ በናሙናው ውስጥ ጡንቻ ነበረ ወይ? ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል ወይ? ፊኛዬን ለማውጣትም ለማትረፍም ብቁ ነኝ ወይ፤ ካልሆንኩ ምክንያቱ ምንድን ነው? ቀጣዩ የፊኛ ምርመራዬ መቼ ነው? በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም እነዚህኑ ጥያቄዎች በአማርኛ አስተርጓሚ በኩል ለመጠየቅ አይፈሩ፤ በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።